ዐሥራ ሦስት ገጽ ስለ ላስታ ድንጋይ

ወረቀቱ 13 ገጽ ነው። በ2011 ታተመ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ «ጆርናል ኦፍ አፍሪካን ኧርዝ ሳይንስስ» በሚባለው መጽሔት 59ኛ ቅጽ፣ ከገጽ 61 እስከ 73። ጸሐፊዎቹ አስፋወሰን አስራትና ዮዲት አያሌው ናቸው። ርዕሱ በአማርኛ ቢጻፍ «በሰሜን ኢትዮጵያ የሚገኙት የመካከለኛው ዘመን የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ሥነ ምድራዊና ጂኦቴክኒካዊ ጠባያት» የሚል ይሆናል። ከዚህ የደረቀ ርዕስ ማግኘት ያስቸግራል። እኔ ግን ስለ ላሊበላ ከተጻፈው ሁሉ አንዱን ብቻ ይዘህ ድንጋዩ ፊት ቁም ብባል ይህንኑ ይዤ እቆማለሁ።

ስለ ላሊበላ የተጻፈው ብዙ ነው። በ1520ዎቹ አገሩን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አብያተ ክርስቲያናቱን አንድ በአንድ ከዘረዘረ በኋላ አንባቢ አያምነኝም ብሎ እንደሰጋ ራሱ ጽፏል። ከእርሱ ወዲህ የመጣው ጸሐፊም አብዛኛው በዚያው መንገድ ሄዷል፤ ይደነቃል፣ ከዚያም የሚያምነው እንዳያጣ ይፈራል። የ2011ዱ ወረቀት መደነቁን ለአንባቢው ትቶለት አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ ይነሣል፤ ይህ ድንጋይ ምን ያህል ይችላል?

ጥያቄው ለሙጃ ሰው አዲስ አይደለም። ሙጃ የግዳን ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከላሊበላ በስተምሥራቅ፣ 4,260 ሜትር የሚደርሰው አቡነ ዮሴፍ በሚገዛው ደጋ። እዚያ ያደገ ሰው ድንጋይን የሚያውቀው በጀርባውና በመዳፉ ነው። ከገብስ ማሳው እየለቀመ ካብ ይክብበታል፣ ቤት ይሠራበታል፣ ወፍጮ ይወቅርበታል። ጥሩ ድንጋይ ጠራቢ መዶሻውን አንድ ጊዜ አሳርፎ ድምፁን ያደምጣል፤ ጥርት ብሎ ከጮኸ ጤነኛ ነው፣ ከታፈነ ወይ ውስጡ ተሰንጥቋል ወይ ውሃ ጠጥቷል። የሥነ ምድር ባለሙያም መስክ ሲወጣ እንደዚሁ በመዶሻ እየመታ ይሰማል። መንገዳቸው የሚለያየው ከዚያ በኋላ ነው። ጠራቢው የሰማውን አጠገቡ ቆሞ ለሚያይ ልጁ በእጁ ያስተላልፋል። ባለሙያው ግን የሰማውን በሌላ አገር ላለ፣ ላሊበላ ያለችበትን ላስታን አይቶ ለማያውቅ፣ ምናልባትም ሊያምነው ለማይፈልግ ሰው በቁጥርና በሥዕል ማድረስ አለበት። የጥናት ወረቀት የሚባለው የእጅ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የወረቀቱን አኅጽሮት ብቻ የሚያነብ ሰው እንኳ አንድ ተጠርቦ ያለቀ ዓረፍተ ነገር ያገኛል። አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት የተወቀሩት በስኮሪያማ፣ ማለትም አረፋ በበዛበት፣ ባሳልት ላይ ነው ይላል፤ ዓለቱ በየአቅጣጫው አንድ ነው፣ ወጥ ነው፣ የመጨመቅ ጥንካሬው ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ ነው፣ ስለዚህ ለመቆፈርና ለመቅረጽ ይመቻል፣ ሸክም ግን ይቋቋማል። ጌጥ የለውም፣ አንድም ቃል ግን ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም።

በየአቅጣጫው አንድ ነው ሲል፣ መሮው ከላይ ወደ ታች ቢወርድም ከግራ ወደ ቀኝ ቢሄድም ድንጋዩ የሚሰጠው ምላሽ ያው ነው ማለቱ ነው። ንብርብር ያለው ድንጋይ በአንድ በኩል ይፈለጣል፣ በሌላ በኩል እምቢ ይላል፤ ማዕዘን ለማውጣት አይታዘዝም። የቤተ ጊዮርጊስን መስቀል ዙሪያውን የዞረ ሰው ስምንት ወደ ውጭ የወጡ፣ አራት ወደ ውስጥ የገቡ ማዕዘኖች ይቆጥራል፤ ዐሥራ ሁለቱም ስለታቸው እኩል ነው። የጠራቢው እጅ ድርሻውን ተወጥቷል፣ ድንጋዩም እንዲሁ። ወጥ ነው የሚለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሥራው የሚሄደው ከጣራ ወደ መሠረት ነው፤ ጣራውን ጨርሶ ወደ ዓምዱ ሲወርድ ድንገት ልል ድንጋይ ቢያጋጥመው ጠራቢው ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያስተካክለው ነገር የለም። በተገነባ ቤት አንድ ክፉ ድንጋይ ተነቅሎ በሌላ ይተካል፤ በተወቀረ ቤት የተነቀለው ተነቅሎ ቀረ።

ከሁሉ የምወደው ግን ሦስተኛው ነው። የመጨመቅ ጥንካሬ የሚለካው በሜጋ ፓስካል ነው፤ አንድ ሜጋ ፓስካል በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ዐሥር ኪሎ ግራም ያህል ማለት ነው። 30 ሜጋ ፓስካል የሚችል ድንጋይ እንግዲህ በአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ላይ አንድ የሀገር በሬ ቢቆምበት አይደቅም። ይህ ለመሐንዲሱ ዝቅተኛ ነው፤ ጠጣር ባሳልት ከ100 በላይ፣ አንዳንዱም ከ200 በላይ ይችላልና። ዝቅተኛ የሚለው ቃል ለጆሮ ነቀፋ ይመስላል። እዚህ ቦታ ግን የላሊበላ ምስጢር ግማሹ እርሱ ነው። ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ቁመቱ 11 ሜትር የሚሆነውን ቤተ መድኃኔ ዓለምን ከጠጣር ባሳልት ላውጣ የሚል ሰው ብረቱን በየሰዓቱ ሲስል ዕድሜው ያልቅ ነበር። ከልል አመድ ላውጣ ቢል ደግሞ ጣራው ገና ሳይጨርስ ይወርድበታል። መካከሉን ያገኘው የላስታ ድንጋይ ነው። ላቫው ሲፈስ ውስጡ የታፈነው ጋዝ አረፋ ሆኖ ቀረ፤ አረፋው ድንጋዩን አቀለለው፣ ለመሮ አለዘበው፣ በአረፋዎቹ መካከል የቀረው ግድግዳ ግን ሸክም ለመሸከም በቃ።

አረፋውን በዓይን ለማየት የሚደረገው ዝግጅት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ በጥናት ወረቀቶች ውስጥ በአንድ መስመር ስለሚታለፍ አብዛኛው ሰው ሳያውቀው ያልፋል። ከናሙናው ቀጭን ቁራጭ በአልማዝ መጋዝ ይቆረጣል። አንዱ ፊቱ ይለሰልስና በሙጫ ከመስታወት ጋር ይጣበቃል። ከዚያ ሌላው ፊት በሚፋቅ ዱቄት ላይ እየዞረ ይሳሳል፤ 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪቀር። ከሰው ፀጉር የሳሳ ነው። ጥቁሩ ባሳልት እንደ ቀጭን ቀንድ ብርሃን ማሳለፍ ይጀምራል። እጅ ትንሽ ካለፈ ናሙናው ተበልቶ ከመስታወቱ ላይ ይጠፋል፤ ትንሽ ካነሰ ቀለሞቹ ይዋሻሉ። የለመደ ሰው መድረሱን የሚያውቀው በዓይኑ ነው፤ በሁለት የብርሃን ማጣሪያዎች መካከል ሲያየው ፌልድስፓር የሚባለው ማዕድን ቅንጣቱ ግራጫና ነጭ ሲሆንለት ይበቃል ብሎ ያቆማል።

እንዲህ የተዘጋጀ የላስታ ባሳልት በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከማሳው ዳር የምናውቀው ድንጋይ አይመስልም። ፕላጅዮክሌዝ የሚባለው ማዕድን ጥቁርና ነጭ መስመር እንደተሰመረበት ቀጭን ዘንግ እዚህም እዚያም ተጋድሟል። ኦሊቪን ካለበት በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴ ይነድዳል፤ ዳር ዳሩ ግን ወደ ቡናማ ዝገት ተለውጧል። ብረትና ታይታኒየም የያዙት ቅንጣቶች ብርሃን አያሳልፉምና እንደ ቀለም ጠብታ ጥቁር ሆነው ይቀራሉ። አረፋ የነበረው ክብ ጉድጓድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ባዶ አይደለም፤ ከዘመናት በኋላ በድንጋዩ ውስጥ ያለፈው ውሃ ሌላ ማዕድን አስቀምጦበታል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለብቻው አንድ ወረቀት አስጽፏል። በዚያው በ2011 ሬንዙሊና ሌሎች ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች «ጆርናል ኦፍ ካልቸራል ሄሪቴጅ» ላይ ያወጡት ጥናት ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነው፤ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከምን ዓይነት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው የተሠሩት? ርዕስ ላይ የሚቀመጥ ጥያቄ አልወድም፤ ብዙ ጊዜ መልስ ያጣ ሰው የሚደበቅበት ነው። ይህኛው ግን ተገቢ ነበር፤ ብዙ የጉዞ መጻሕፍትና የቆዩ መግለጫዎች ድንጋዩን ቱፍ እያሉ፣ ማለትም ከአመድ የተጋገረ ዓለት እያሉ፣ አንዱ ከሌላው ሲቀዳ ኖሯልና። በማይክሮስኮፕና በኬሚካል ምርመራ የተገኘው መልስ ከላቫ የወጣ፣ አረፋው በኋላ በመጡ ማዕድናት የተሞላ፣ ብዙ የተለወጠ ባሳልት የሚል ነው። የስም ክርክር ይመስላል። የጥገና ባለሙያው ግን ሕመሙን ሳያውቅ መድኃኒት ሊያዝ አይችልም፤ በአመድ ዓለት ላይ የሠራ ማጠናከሪያ በተለወጠ ባሳልት ላይ ይሠራል ብሎ የሚገምት ሰው የስምንት መቶ ዓመት ሥራ ላይ እየተለማመደ ነው።

ወደ አስፋወሰንና ዮዲት ልመለስ፤ ከወረቀታቸው ውስጥ እጅግ የተዋጣው ቁርጥ አሁን ነው የሚመጣው። ላሊበላን የጎበኘ ሰው ሁሉ ስንጥቅ ያያል። ቤተ አባ ሊባኖስ ላይ አለ፣ ቤተ አማኑኤል ላይ አለ፤ የቤተ መርቆሬዎስ አንድ ወገን ጭራሽ ወድቋል። ስንጥቁን መቁጠርና በካርታ ላይ ማስፈር ትጉህ ሰው ሁሉ የሚችለው ነው። እነርሱ ግን ስንጥቁን በሁለት ከፈሉት፤ ከመወቀሩ በፊት የነበረና ከተወቀረ በኋላ የመጣ። ከመወቀሩ በፊት የነበረው ወይ ላቫው ሲቀዘቅዝና ሲኮማተር የተሰነጠቀው ነው፣ ወይ የምድር ቅርፊት ሲሳብ በአካባቢው ሁሉ ያለፈው ረጅም ስንጥቅ ነው። በኋላ የመጣው ሰው ድንጋዩን ከውስጡ ባወጣ ጊዜ የተፈጠረ ነው፤ ጣራው በጥቂት ዓምዶች ላይ ሲወድቅ፣ ከጎኑ ደግፎት የነበረው ዓለት ተቆርጦ ሲሄድ።

ይህ ልዩነት ምን ያደርጋል? የመጀመሪያው ዓይነት ስንጥቅ ጠራቢዎቹ ያወቁት ነው። ሥራ ሲጀምሩ ፊት ለፊታቸው ነበር፤ አልፈውት ወይም ሸሽተውት ወይም ችለውት ሠርተዋል። በእርሱ ላይ ዛሬ የሚያስፈራው ውሃ የሚገባበት በር መሆኑ ነው። ሁለተኛው ግን ሕንፃው ራሱ የሚናገረው ነው፤ ሸክሙ ከአቅም በላይ እየሆነ ነው ይላል። አንደኛውን መድፈን ይበቃዋል፣ ሁለተኛውን መድፈን የሕመምተኛውን አፍ እንደ መያዝ ነው። ሁለቱ በፎቶግራፍ ላይ ይመሳሰላሉ። የሚለያቸው አቅጣጫቸው ነው፤ አንዱ ከሕንፃው አልፎ በግቢውም በኮረብታውም በአንድ መስመር ይሄዳል፣ ሌላው ከበር ማዕዘን ወይም ከዓምድ ራስ ተነሥቶ ሕንፃው ውስጥ ያልቃል። እንዲህ ያለውን መለየት የሚችለው ዓይኑን አንድ ጊዜ በተራራው፣ አንድ ጊዜ በዓምዱ ላይ የሚያሳርፍ ሰው ነው። የሥነ ምድር ሰው ብቻውን ዓምዱን አይመለከትም፣ መሐንዲስ ብቻውን ተራራውን አይመለከትም።

ቀጥሎ ውሃው ይመጣል። አረፋ የበዛበት ድንጋይ ለመሮ እንደሚመች ሁሉ ለክረምትም ይመቻል፤ በሐምሌና በነሐሴ የወረደውን ይጠጣዋል። ከባሳልቱ መለወጥ የሚገኙ የሸክላ ማዕድናት ውሃ ሲያገኙ ያብጣሉ፣ በበጋ ሲደርቁ ይሟሽሻሉ። በየዓመቱ ማበጥና መሟሸሽ ለጥቂት መቶ ዓመታት ሲደጋገም የድንጋዩ ቆዳ ይላጣል። የጥንቶቹ ጠራቢዎች ውሃን ያውቁት ነበር፤ ጣራዎቹ በጥቂቱ ያዘነብላሉ፣ አሸንዳዎች አሏቸው፣ በግቢዎቹ ዙሪያ ማፋሰሻ ቦዮች ተቆፍረዋል። ወረቀቱ የውሃን መስረግ፣ የድንጋዩን መበስበስና የመሰንጠቁን ነገር በአንድ ሰንሰለት ሲያስተሳስር እነዚያ አሸንዳዎች ምን ሲሠሩ እንደኖሩ በመለኪያ ቋንቋ እየነገረን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ መግባት አለበት። በ1950ዎቹ አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለማዳን ተብሎ ጣራዎቹ በሬንጅ ተቀቡ፣ ግድግዳዎቹም ቀይ ቀለም ተደረገላቸው። በጎ ሐሳብ ነበር። ድንጋዩ ግን ውሃ የሚጠጣው ከላይ ብቻ አይደለም፤ ከታችም ከጎንም ይጠጣል፣ የጠጣውንም በቆዳው ይተነፍሳል። ሬንጁ መተንፈሻውን ዘጋው። በ1960ዎቹ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ዛሬ «ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ» በተባለው ድርጅት ድጋፍ ጥገና ሲጀምር ከሥራዎቹ አንዱ ያንን ሬንጅ መፋቅ ነበር። በ2008 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአራት ቦታ ትልልቅ የብረት ክዳኖች ቆሙ፤ ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምን ከቤተ መስቀል ጋር፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን ሸፈኑ። ለጊዜው ተብለው የቆሙ ናቸው፤ ክብደታቸው የላሊበላን ሰው ያሳስበዋል፣ ከክዳኑ በታች ያለው ድንጋይ ከልክ በላይ መድረቁም ባለሙያዎችን አነጋግሯል። ማበጥና መሟሸሽ እንዴት እንደሚሠራ ለተረዳ አንባቢ ጭንቀቱ ግልጽ ነው። ክዳኑ ከቆመ ከሦስት ዓመት በኋላ የታተመ ወረቀት ክዳኑን አላስቀረም፤ ለሚቀጥለው ውሳኔ ግን ከጸሎትና ከግምት ሌላ የሚያዝ ነገር ሰጠ።

ድንጋዩን ከመመርመር ይልቅ የመሮውን መንገድ የተከተለ ሌላ ጥናት አለ፤ ለእኔ ከላይኛው ጋር ጎን ለጎን መነበብ ያለበት ነው። ፎቬል ኤማር፣ ብሩክሴል፣ መንሳን፣ ቦስ ቲዬሴ፣ ደራና ፍሪች በ2010 «አንቲኩዊቲ» ላይ ያወጡት ነው። አርኪዮሎጂስት ብዙውን ጊዜ ዘመንን የሚያነበው ከተደራረበ አፈር ነው፤ የታችኛው ይቀድማል፣ የላይኛው ይከተላል። በውቅር ቤት ግን የሚደራረብ ነገር የለም፤ እያንዳንዱ ሥራ የቀደመውን እየቆረጠ ይሄዳል። እነርሱ ያደረጉት ያንን ሕግ ገልብጦ ማንበብ ነው። በግድግዳ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ የቀረ በር ካለ፣ አንድ ጊዜ የግቢው ወለል እዚያ ነበር ማለት ነው፤ በኋላ ዝቅ ተደርጓል። አንዱ ቦይ ሌላውን ከቆረጠ የቆረጠው ይከተላል። ከዓለቱ የወጣው ፍርስራሽ የት እንደተከመረ፣ ክምሩ ደግሞ በኋላ በምን እንደተቆረጠ አይተዋል። እንዲህ እያሉ ላሊበላ በአንድ ትንፋሽ የወጣ ሥራ ሳይሆን በየደረጃው እየተለወጠና እየሰፋ የሄደ መሆኑን አሳዩ። ወረቀቱ ያስገረመኝ በድፍረቱ ነው። አንድ ሥራ ባጠፋው ነገር ታሪኩን ማስነገር ቀላል አይደለም።

የሙጃ ሰው «የእኛስ ድንጋይ?» ቢል መልስ አለው። በ1997 «ኔቸር» ላይ የወጣው የሆፍማንና የባልደረቦቿ ጥናት ከሊማ ሊሞና ከወገል ጤና ገደሎች በተወሰዱ ናሙናዎች የሰሜኑ አምባ የባሳልት ክምር ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ በሥነ ምድር ሚዛን እጅግ አጭር በሆነ ጊዜ ውስጥ እንደፈሰሰ አሳየ። በዓመቱ ራፋኤል ፒክ ከገዛኸኝ ይርጉና ከደረጀ አያሌው እንዲሁም ከሌሎች ጋር ሆኖ የሰሜን ምዕራቡን አምባ ባሳልት በታይታኒየም መጠኑ ለየው። ታይታኒየም ያነሰበት በምዕራብ፣ የበዛበት በምሥራቅ ሆኖ ተገኘ፤ ከሁሉ የበዛበት ዓይነት ደግሞ ወደ ላሊበላ በኩል ነው። ያ ወረቀት በአንድ ንጥረ ነገር ብቻ አገሩን ከፍሎ ሲያሳይ ካርታው እንዴት ጥርት እንደሚል ማየት ደስ ይላል። ጥሩ መለያ ማግኘት ግማሽ ሥራ ነው።

ወደ ብረቱ ወገን ብንሻገር የሥነ ብረት ጸሐፊዎችም ለኢትዮጵያ ያበረከቱት የተዋጣ ሥራ አለ። በ1978 ጁዲት ቶድና ጄ. ኤ. ቻርልስ በእንግሊዝ የታሪካዊ ሥነ ብረት ማኅበር መጽሔት ላይ የደቡብ ኦሞ ዲሜዎች ያቀለጡትን ብረት መረመሩ። በባህላዊ ምድጃ የሚወጣ ብረት ፈጽሞ አይፈስም፤ በከሰል እሳት እየተጋገረ ስለሚሠራ ከአሩ፣ ማለትም ከማዕድኑ ቆሻሻ፣ ጥቂት ክር ክር እያለ ውስጡ ይቀራል። ብረቱ ተቆርጦ እንደ መስታወት እስኪያበራ ሲለሰልስና በቀጭን አሲድ ሲነከር የብረቱ ቅንጣቶችና የአሩ ክሮች በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። አርኪዮሎጂስቶች ከዚህ አር ተነሥተው ጥንታዊ ብረት ከየት እንደመጣ ለማወቅ ይመኛሉ። ችግሩ የጥንቱን አቅላጭ ጠይቆ ማረጋገጥ አለመቻሉ ነው። ዲሜዎች ግን በሕይወት ነበሩ፤ አፈሩ ከየት፣ ምድጃው የማን እንደሆነ ይታወቃል። ዘዴው የሚለውንና እውነቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ተቻለ። በሥነ ብረት ጥናት እንዲህ ያለ ዕድል የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ ያገኘውን ማወቅም ችሎታ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ለአክሱም ነው። በ1980 ኦዲና ስቱዋርት ሙንሮ ሄይ የአክሱምን የወርቅ ሳንቲሞች ያለ አንዲት ጭረት መረመሩ። የተጠቀሙበት መንገድ ከአርኪሜድስ ጀምሮ የታወቀው ነው፤ ሳንቲሙን በአየር መዘን፣ በፈሳሽ ውስጥ ሰቅለህ መዘን። ንጹሕ ወርቅ ከውሃ 19.3 ጊዜ ይከብዳል፣ ብር 10.5 ጊዜ፤ ቅልቅሉ በመካከል ይወድቃል። ቃሉ ቀላል ነው፣ ሥራው ግን አይደለም። 1.6 ግራም የሚመዝን የወርቅ ሳንቲም ቦታው ከአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ዐሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ በሳንቲሙ ጠርዝ የተጣበቀች አንዲት የአየር አረፋ ውጤቱን ታበላሻለች። ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የወጣው ውጤት ወርቁ በመጀመሪያዎቹ ነገሥታት ዘመን ንጹሕ እንደነበረና በኋላ እየተቀላቀለ እንደሄደ ያሳያል፤ የአንድ መንግሥት ኪስ እንዴት እንደሳሳ የሚታይበት ነው። ይህን ዓይነት ሥራ ሳስብ በ1997 ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ በ2001 ከቤልጅየም የተመለሰው አፍሮ አይገባ መስቀል ይመጣብኛል። ከእርሱ ናሙና ቆርጦ መውሰድ ማንም አያስበውም፤ ያለ ጭረት መርምሮ ለመጻፍ ምን ያህል የረጋ እጅ እንደሚጠይቅ የሳንቲሞቹ ጥናት ይናገራል።

ወረቀት ከተጻፈ በኋላም አልተጠናቀቀም። አዘጋጁ ስማቸው ለማይገለጽ ገምጋሚዎች ይልከዋል፤ እነርሱም ከጽሑፉ የሚነቀለውን ይነቅላሉ። ይህ ናሙና ከየትኛው ግድግዳ ነው? ይህ ቁጥር ስንት ጊዜ ተለክቶ ነው? ይህን አልክ፣ ታዲያ ያኛው ሊሆን አይችልም? ደራሲው ይናደዳል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ያስተካክላል። ታትሞ ስናየው ከርዕሱ አጠገብ በደቃቅ ፊደል ሦስት ቀናት ተደርድረው እናገኛለን፤ የደረሰበት፣ የታረመበት፣ ተቀባይነት ያገኘበት። አገራችንም ይህን ሥርዓት ከያዘች ቆይታለች። «ሲኔት» የሚባለው የሳይንስ መጽሔት ከ1978 ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይታተማል፣ የኬሚካል ማኅበሩ መጽሔት ከ1987 ጀምሮ፤ የመሐንዲሶችና የአርክቴክቶቹ «ዘዴ» ደግሞ ከሁለቱም ይቀድማል።

እንከን አይጠፋውም፤ የምወደውን ሥራ ብቻ ማሞገስም ተገቢ አይደለም። ከላይ የጠራኋቸው ጥናቶች የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ አብዛኞቹም የሚነበቡት በውጭ ምንዛሪ ከፍሎ ወይም ከፋይ ተቋም ውስጥ ሆኖ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ደብተራ፣ በግቢው ቦይ የሚጠርግ ወጣት፣ ሙጃ ውስጥ ካብ የሚክብ ሰው ስለ ድንጋያቸው የተጻፈውን አያገኙትም። አሸንዳ መደፈኑን መጀመሪያ የሚያየው ግን ከእነዚህ አንዱ ነው። አስፋወሰን ራሱ ከሌሎች ጋር ስለ አክሱምና ስለ ላሊበላ የሥነ ምድር ጉብኝት መጽሐፍ ለሰፊው አንባቢ አዘጋጅቷል፤ እርሱም በእንግሊዝኛ ነው።

ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ ከሁሉ በፊት ለወልድያ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ስለ ላሊበላ ድንጋይ የሚታተም ጥናት ሁሉ አንድ ገጽ አማርኛ ይኑረው፤ የትኛው ስንጥቅ የቆየ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ፣ ውሃው በየት እንደሚገባ የሚያሳይ አንድ ሥዕል ያለበት። ገምጋሚዎቹ እንግሊዝኛውን በሚያርሙበት ጥንቃቄ ይታረም። ታትሞም በላሊበላ አድባራት ጽሕፈት ቤት፣ በላስታና በግዳን ትምህርት ቤቶች ይለጠፍ። ለዚህ ሥራ መጀመሪያ የሚሆነው ዝግጁ ነው፤ ከገጽ 61 እስከ 73።